ምንጩ መቼ ደረቀ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ኩታበር ሁለት ጥማድ መሬት ትቶልናል። እናቴ እዚያው ናት፤ በእኩል እያሳረሰች ገብስና ባቄላ ታገኝበታለች።

ታላቅ ወንድሜ ኮምቦልቻ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል። አጣና ደጁ ላይ ሳያድር እንደሚያልቅ እያየ «ሁለቱንም ጥማድ ባህር ዛፍ እናልብሰው» ብሎ ተነስቷል። እናቴ «አይሆንም፤ ከታች ያለው ምንጭ ይደርቃል፤ ደግሞስ ባህር ዛፍ ይበላል?» አለች። ታናሽ እህቴ ከእናቴ ጋር ቆማለች። አሁን ሦስቱም እኔ ላይ መጡ፤ «አንተ የተማርክ ነህ፣ አጥናና ቁርጡን ንገረን» አሉኝ።

ስልኬ ላይ ስፈልግ ግማሹ ሰው «ባህር ዛፍ ጠላት ነው» ይላል፤ ግማሹ «ባህር ዛፍ ባንክ ነው» ይላል። ወንድሜ የሱን ቪዲዮ ይልክልኛል፣ እህቴ የሷን። እውነቱን ልንገርዎትና እኔም ከወዲሁ ወደ እናቴ አድልቻለሁ። እንዲህ ሆኜ ነገሩን በቅን ልብ ማጥናት እችላለሁ? ወንድሜ ደግሞ ችግኝ ሊያዝ ቸኩሏል።

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ

መልስ፦

ልጄ፣ ማድላትህን ካወቅህ ከኔ ትሻላለህ። እኔ ሳላውቀው ነው አሥራ አምስት ዓመት ያስተማርኩት።

የጂኦግራፊ መምህርት ነበርኩ። በየዓመቱ የአፈር መሸርሸር ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ሰሌዳውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። በአንድ በኩል «ወዳጅ ዛፎች» ብዬ ወይራ፣ ጥድ፣ ዋንዛ፣ ግራር እደረድራለሁ። በሌላው በኩል «ጠላት ዛፍ» እልና ባህር ዛፍን ብቻውን አቆመዋለሁ፤ እንደ ተከሳሽ። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ ይመልሱልኛል፣ እኔም ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ። አንድም ቀን «ይህን ነገር ከየት አመጣሁት?» አላልኩም። እኔንም ሲያስተምሩኝ እንዲሁ ነበራ!

1990 ዓ.ም. ላይ ተማሪዎቼን ይዤ ከከተማ ወጣ ወዳለ መንደር ሄድኩ። ሰው ሁሉ «ደረቀ» የሚለው አንድ ምንጭ አለ፤ ከበላዩ ባህር ዛፍ ጥቅጥቅ ብሏል። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ከየት ይመጣል? አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጠጋ አልኩና «አባባ፣ ይህን ምንጭ ያደረቀው ባህር ዛፉ ነው አይደል?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ወደ ዛፉ አዩ፣ ወደ ልጆቹ አዩ። «እንግዲህ… አዎ ልጄ» አሉ።

ደብተር ሁሉ ተገለጠ። «የአካባቢው አዛውንት አረጋገጡ» ተብሎ ተጻፈ። እኔም ደስ ብሎኝ ልመለስ ስል ከኋላ የቆመ አንድ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ አፉን የማይከፍት፣ «አባባ፣ ምንጩ መቼ ነው የደረቀው?» አላቸው።

ሽማግሌው ያኔ ገና ነቁ። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ውሃው የጎደለው ያ መንገድ ሲቆረጥ ነው» አሉ፤ ከዛፉ ማዶ ያለውን ጠጠር መንገድ እያሳዩ። «ለ66ቱ ርሃብ እህል ያስገባል ብለው ዳገቱን ሲቆርጡት፣ ውሃው በዚያ በኩል ማዥት ጀመረ። ዛፉን የተከልነው ከዚያ ወዲያ ነው፤ በደርጉ ጊዜ፣ ስንዴና ዘይት እየተከፈለን። ከዚያ ደግሞ በልጉ ይቀር ጀመር።»

«ታዲያ ቅድም ለምን አዎ አሉኝ?» ስላቸው ሳቁ። «እንግዶች ናችሁ። ከደሴ ድረስ በእግር መጥታችሁ ምን ብዬ እምቢ ልበላችሁ?»

የወሎ ሰው ነዋ! ቤቱ የመጣን እንግዳ ቡና ሳያጠጣ አይሸኝም፤ የጠየቀውንም አዎንታ ቢሆን አይነፍገውም። ጥፋቱ ግን የኔ ነው። መልሱን ከደሴ ይዤው ሄጄ እሳቸው እንዲፈርሙበት ነው የጠየቅኋቸው። የልጁ ጥያቄ ውስጥ ግን መልስ አልነበረበትም። ቀን ብቻ ነው የጠየቀው። አንተም ኩታበር ስትወርድ ከሁሉ በፊት ቀን ጠይቅ። «ምን አደረቀው?» ካልክ ሰው የሰማውን ይነግርሃል። «መቼ ጎደለ? ያኔ ዛፉ ስንት ዓመቱ ነበር? በዚያ ዓመት በልጉ ዘንቦ ነበር?» ካልክ ያየውን ይነግርሃል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ተገለበጥኩ። የባህር ዛፍ ጠበቃ ሆንኩ! መምህራን ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ስለ ባህር ዛፍ ክፉ ሲናገር ከሰማሁ ሻይዬን አስቀምጬ «ምንጩን ያደረቀው መንገዱ ነው» እላለሁ። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ሆንኩ። አንድ ቀን ያ ዝምተኛ ልጅ ደብተሩን ይዞልኝ መጣ፤ ለሥራ ማመልከቻ የድሮ ማስታወሻውን ሲያገላብጥ አግኝቶት ነው። ሽማግሌው የተናገሩትን ቃል በቃል ጽፎታል። መጨረሻ ላይ እኔ ደብተር ውስጥ የሌለች አንዲት መስመር አለች፦ «ዛፉም ይጠጣል እንጂ፤ የቀረችውን ጭላጭ እሱ ጨረሳት።»

ጆሮዬ አልሰማም ማለት አይደለም። አጠገባቸው ነበርኩ። እጄ ነው ያልጻፈው።

ይህን ሁሉ የምነግርህ «ከወዲሁ አድልቻለሁ» ብለህ እንዳትሳቀቅ ነው። ያላዳላ ሰው ፈልገህ አታገኝም። ማስታወሻህን ግን ብቻህን አትጻፈው። ኩታበር ስትሄድ ወንድምህን ይዘኸው ሂድ፤ እሱም ይጻፍ፣ አንተም ጻፍ። ማታ ታስተያያላችሁ። አንተ የዘለልከውን እሱ ጽፎት ታገኘዋለህ፤ እሱ የዘለለውን አንተ።

አሁን ወደ ዛፉ። «ባህር ዛፍ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለውን ጥያቄ ጣለው። እሱን ይዘህ ዓመት ብትዞር የምታገኘው ስድብ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከየአገሩ የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ ባህር ዛፍ በአካባቢ ላይ ስለሚያደርሰው ነገር አንድ ጽሑፍ አሳትሟል። ሁሉም ቦታ የሚሠራ አንድ መልስ የለም፤ በየቦታው መታየት አለበት ነው ያለው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲሰማ «አድበሰበሱት» ይላል። እኔ ግን እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚጀምረው እላለሁ።

መጀመሪያ የትኛው ባህር ዛፍ? ደሴና ኩታበር ደጋው ላይ የምናየው በአብዛኛው ነጩ ነው። ወረድ ብለህ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ውስጥ የሚስማማው ደግሞ ቀዩ ነው። ወንድምህ የሚልክልህ ቪዲዮ ውስጥ ያለው የትኛው ነው? የየት አገር ነው? ዝናቡ ስንት ወር ነው? እነዚህን ሦስቱን የማይናገር ቪዲዮ ከሆነ አትጣላው፣ አትመነውም፣ እለፈው። ሌላ ደግሞ ስልኩ የጻፍክለትን ነው የሚያመጣልህ። «የባህር ዛፍ ጉዳት» ካልከው ጉዳት ይዘረግፍልሃል። «የባህር ዛፍ ጥቅም» ካልከው ጥቅም። ቅድም ሽማግሌውን የጠየቅሁት ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ስልኩም እንደሳቸው ጨዋ ነው፣ አዎ ይልሃል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ከምን ጋር ሲወዳደር?» ነው። ይህ ለኔ ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሞኮቡላን የሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1969 ሳር ብቻ የነበረ አንድ ተዳፋት ሙሉ ለሙሉ ባህር ዛፍ ተተከለበት። ከሥሩ የሚወርደውን ጅረት በየጊዜው ይለኩ ነበር። በዘጠነኛው ዓመት ጅረቱ ጭራሽ ደረቀ። ዛፉ 16 ዓመት ሲሆነው ተመነጠረ፤ ውሃው ግን እንደ ድሮው ዓመቱን ሙሉ ለመፍሰስ ሌላ አምስት ዓመት ፈጀበት። እናትህ ይህን ብትሰማ «አላልኳችሁም?» ትላለች።

ግን አንዴ ቆይ። እዚያው አጠገብ ሌላ ሳር የነበረ ተዳፋት አለ። እሱ ላይ የተተከለው ፓይን የሚባል ጥድ መሰል ዛፍ ነው። የሱም ጅረት ደረቀ፤ በ12ኛው ዓመት። ፓይንን ማንም «ጠላት ዛፍ» ብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው አላየሁም። እንግዲህ ነገሩ የባህር ዛፍ እርግማን ብቻ አይደለም። ሳር ወይም ሰብል የነበረን ተዳፋት ዳር እስከ ዳር ቶሎ በሚያድግ ዛፍ ስታለብሰው፣ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዛፉም ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። ገብስ ግን ታጭዶ ይሄዳል፤ መሬቱ በበጋ የሚጠጣበት የለም። የናንተ መሬት ገብስ ነው። ስለዚህ ማወዳደር ያለብህ ባህር ዛፍን ከገብስ ጋር ነው። ለዘመናት የቆመ ደን መንጥሮ ባህር ዛፍ ከተከለ ሰው ጋር ከተወዳደርክ ሌላ ሒሳብ ውስጥ ትገባለህ። ደግሞ ወንድምህ ያለው «ሁለቱንም ጥማድ» ነው፤ ሞኮቡላንም የተተከለው «ሙሉ ለሙሉ» ነው። ይቺን ቃል አስምርባት።

ሦስተኛ፣ ማን ይከፍላል? በመሀል አገር ደጋ፣ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ጥናት አለ። በማሳ ዳር በመስመር የተተከለ ባህር ዛፍ አጠገብ ያለን ጤፍና ስንዴ መዘኑ። ከዛፉ እስከ 12 ሜትር ድረስ ምርቱ ጎላ ብሎ ቀንሷል። የእንጨቱ ገቢ ግን የጎደለውን እህል አካክሶታል። ወንድምህ ይህንን ሲሰማ ይጨበጭባል። ግን 12 ሜትር ስንት እርምጃ ነው? ውጣና በእርምጃህ ለካው። ድንበርህን አልፎ ጎረቤት ማሳ ውስጥ የሚገባው ስንት ነው? እንጨቱን የምትሸጡት እናንተ፣ ገብሱ የሚቀንሰው የሰውዬው! እሱን ማንም አልጠየቀውም። ደብዳቤህ ውስጥም የለም። አዋሳኙን ሳትጠይቅ ጥናቴ አለቀ እንዳትል። የቀበሌው የመሬት አስተዳደርም ስለ ድንበርና ስለ ምንጭ ዳር ምን እንደሚል አስቀድመህ ጠይቅ፤ ትግራይ ክልል እ.ኤ.አ. በ1997 የእርሻ መሬት ላይ ባህር ዛፍ መትከል ከልክሎ ተራራና ጠፍ መሬት ላይ ሲፈቅድ ነበር። ጥያቄው የቦታ መሆኑ እዚያም ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ስለ አፈር አንድ ነገር ልጨምርና፣ ይህኛው ከራሴ ቤት ነው።

እናቴ ቅጠል ለቃሚ ነበረች። ሌሊት ወደ ቶሳ ተራራ ትወጣለች፤ እኔም ከትምህርት ቤት በፊት እከተላታለሁ። የባህር ዛፍ ቅጠል በእጃችን እየጠረግን በአንሶላ ጨርቅ እንሞላለን። ጠረጋችን እንዴት ያለ መሰለህ! ከዛፉ ሥር መሬቱ በመጥረጊያ እንደ ተጠረገ ደጅ ይሆናል፤ ጭራሮ አይቀርም። ከዚያ ታስሮ፣ ጀርባ ላይ ሆኖ፣ ቁልቁል ወደ ሰኞ ገበያ። እንጀራ ጋጋሪዎች ቅጠሉን ይወዱታል፤ ምጣዱ ሥር ቦግ ይልና ቶሎ ይሰፋል። የኔ ደብተርና የታናናሾቼ ጫማ ከዚያ ነው የወጣው። ሰሌዳ ላይ «ጠላት» ብዬ የጻፍኩት ዛፍ ነው ያስተማረኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም። የኮሌጅ ትምህርቴ በአንድ ኪስ፣ የእናቴ ጀርባ በሌላ ኪስ።

ደግሞ ሌላም አለ። «ባህር ዛፍ ሥር አፈር ይታጠባል» ብዬ አስተምር ነበር፤ እውነት ነው፣ ይታጠባል። ግን የወደቀው ቅጠል ተጠርጎ የሄደበት መሬት ላይ የክረምት ዶፍ ሲወርድ ምን ይከለክለዋል? ቅጠሉ መሬት ላይ ቢቀር ጠብታውን ይቀበልለት ነበር። ቅጠሉን ደግሞ የጠረግነው እኛ ነን። ዛፉን ስከስ አንዱ ተባባሪ እኔ እንደነበርኩ የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። እህ! እናቴን ግን አልወቅስም። ሌላ ማገዶ ቢኖራት ኖሮ ያን ሁሉ ዳገት አትወጣም ነበር። ምኒልክም በ1880ዎቹ ይህን የአውስትራሊያ ዛፍ ያስገቡት አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ስለተቸገሩ ነው። ስለዚህ ማሳው ላይ ዛፍ ካቆማችሁ ቅጠሉን ማን ይወስዳል የሚለውም ጥያቄ ነው፤ ጻፈው።

አሁን ወደ እናትህ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እናትህ ሁለት ነገር ነው ያለችው፤ አንተ የሰማኸው አንዱን ነው። ምንጩን ይዘህ ሮጥክ። «ባህር ዛፍ ይበላል?» ያለችውን ግን እንደ ቀልድ አለፍከው። እናትህ በኔ ዕድሜ ብትሆን 66ን አይታለች፤ 77ንም አይታለች። ጎተራ ውስጥ ያለ ገብስና ባንክ ውስጥ ያለ ብር ለሷ አንድ አይደሉም። ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ያየች ትውልድ ናት። የመጀመሪያው አጣና እስኪቆረጥ ቢያንስ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል። በነዚያ ዓመታት እናትህ ምን ትበላለች? ወንድምህ በየወሩ ይልክላታል? በቃል ነው በወረቀት? ይህን ጥያቄ ሞኮቡላን አይመልስልህም። ስለ ምንጩ የፈለግከውን ያህል መረጃ ብታቀርብላት ዝም ትልሃለች እንጂ ልቧ አይረጋም፤ የጠየቀችህ ሌላ ነውና።

ወንድምህንም ነጋዴ ነው ብለህ አትናቀው። ጥቅም አለው፤ አዎ። ግን ስለ አጣና ዋጋ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ ማን ነው? ጥቅም ያለው ሰው የሚያውቀውን ጠይቀው፤ የሚመኘውን ተወው። «ባለፈው ዓመት ስንት ጭነት ሸጥክ? ስንቱ ተበላሽቶ ቀረ? ዋጋው የወደቀበት ጊዜ አለ?» በለው። ጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ አንዴ ተክለው ደጋግመው እንደሚቆርጡም ይነግርሃል። እውነቱን ነው። «ባንክ» የሚሉት ለዚህ ነው። ታዲያ ያው ጉቶ ነገ «ገብስ ልመልስበት» ስትል ቆፍረህ የማትጨርሰው ጉቶ ነው፤ ይህንንም ጠይቀው።

እኔ ክፍል ውስጥ መጨረሻ ላይ የደረስኩበት አንድ ዘዴ ነበረኝ፤ ቤታችሁ ሞክረው። ቡና ይፈላ። ወንድምህ የእናትህን ሐሳብ ይናገር፤ እሷ «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» እስክትለው ድረስ። ከዚያ እህትህ የወንድምህን ትናገር። አቦል ላይ ይሳሳቃሉ፣ ቶና ላይ ይቆጣሉ። በረካው ላይ ግን አንድ ሰው «ለካ እንዲህ ማለትሽ ነው» ይላል። አንተም ከዚያ በፊት አንድ ወረቀት ላይ «ይህን ካገኘሁ ሐሳቤን እለውጣለሁ» ብለህ ጻፍና ኪስህ ክተት። ምንም የምትጽፈው ካጣህ፣ ጥናት አያስፈልግህም፤ ቀድመህ ፈርደሃል።

ችኮላውን በተመለከተ፣ የምን ችኮላ! ችግኝ የሚተከለው ክረምት ሲገባ ነው፤ እኛ ያለነው ጥቅምት ላይ። ስምንት ወር አለህ። ሒሳብ ሠራተኛ አይደለህ? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዝና ወደ ምንጩ ውረድ። ስልክህ ላይ ሰዓት ክፈት። ጀሪካኑን ደቅን፣ ስንት ሰከንድ ላይ እንደሞላ ጻፍ። በ80 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 15 ሊትር ነው። አሁን ለካ፣ ጥር ላይ ለካ፣ ሚያዝያ ላይ ለካ። በየወሩ ብትለካው ደግሞ እሰየው። ዘንቦ እንደሆነ ከጎኑ ጻፍ። ዛፍ ተከላችሁም አልተከላችሁም ያቺ ደብተር ትቀመጥ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱ መጥቶ «ይህን ምንጭ ያደረቀው ባህር ዛፉ ነው አይደል?» ብሎ እናትህን ሲጠይቃት ታሳየዋለች።

«እርስዎስ ምን ያስባሉ?» ማለትህ አይቀርም። መሬቱን አላየሁትም። መሬቱ የኔ ቢሆን ግን ምንጩ አጠገብና ከበላዩ ያለው እርጥብ ቦታ ላይ አንድም ባህር ዛፍ አልተክልም። ለም የሆነውን ለገብሱ እተዋለሁ። ድንጋያማ የሆነ፣ እህል የማያበቅል ጥግ ካለ፣ ከጎረቤት ድንበር ራቅ ብዬ እዚያ ላይ ለወንድምህ እሰጠዋለሁ። ይህ የኔ ሚዛን ነው። የቅጠል ለቃሚ ልጅ መሆኔን ደግሞ ነግሬሃለሁ፤ እሱን ቀንሰህ ውሰደው።

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ኮምቦልቻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ቦርከና ወንዝ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ትልልቅ ሰዎችን እየጠየቅሁ ነው። አንዱ «እንደ መስታወት ነበር» ይላል፣ ሌላው «ድሮም ድፍርስ ነው» ይላል። «በምን ያውቃሉ?» ስላቸው ይከፋቸዋል። አንድ አባት እንዲያውም ተነስተው ሄዱብኝ። ምን ብዬ ልጠይቅ?

ተመራቂዋ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

የኔ ልጅ፣ «በምን ያውቃሉ?» እኮ በኛ አገር «ይዋሻሉ» ማለት ነው። እኔም ብሆን እነሳ ነበር።

«ያኔ እርስዎ የት ነበሩ?» በያቸው። ይህ ክብር አለው፤ ስለ ራሳቸው ነው የምትጠይቂያቸው። አንዱ «ከድልድዩ ሥር ልብስ ስናጥብ ነው የዋልነው» ይሉሻል፤ ያንን ያዢ፣ ወሩንም ጠይቂ፤ በክረምት የታየ ወንዝና በጥር የታየ ወንዝ አንድ አይደለም። «እንደ መስታወት» ያሉሽና «ድፍርስ» ያሉሽ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ ወንዙን አሳምረው ሲተርኩልሽ ቆይተው «እኔ እንኳ ያኔ ጅዳ ነበርኩ» ይሉሻል። አትሳቂ። እሱንም ጻፊው፤ ማን እንደነገራቸው ብቻ ጠይቂ፣ ወደዚያኛው ሰው ይመሩሻል።

ከላይ ለጻፈልኝ ልጅ የነገርኩትን ሽማግሌ እኔም በመጨረሻ ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። «መንገዱ ሲቆረጥ እርስዎ የት ነበሩ?» አልኳቸው። «ዶማ ይዤ እዚሁ፤ ከቆራጮቹ አንዱ እኔ ነኝ» አሉኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «አንቺስ ያኔ የት ነበርሽ?» አሉኝ።

«ቶሳ ላይ» አልኳቸው፣ «ቅጠል ስጠርግ።»